ክንፍ የሰበረው በሬ

የያዙኝ በመስቀል ሳምንት፣ ቡታጅራ ገበያ መሃል ነው። አዲስ አበባ የምንሠራ የጉራጌ ልጆች ለመስቀል አገራችን ካልገባን እንደ ሞተ ሰው ስለምንቆጠር፣ እኔም ፈቃድ ወስጄ፣ ለእናቴ ጋቢ ገዝቼ ገብቼ ነበር። ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ። አንደኛው ቀበቶዬን ፈታ። ሌላው «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አለኝ። ጥያቄው ክረምት እስኪገባ ድረስ አላለቀም።

ያሰሩኝ ከጣቢያው ጓሮ ባለች፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረች ቤት ነው። መጀመሪያ ያየሁት በሯን ነው። ሙያዬ ላሜራ ነው። አውሮፕላን ሲጋጭ፣ በረዶ ሲወርድበት፣ ወይም ሲያርፍ መሬት ሲነካው አካሉ ይጨማደዳል፣ ይቀደዳል። እኔ የተጎዳውን እቆርጣለሁ፤ በእንጨት መዶሻ አዲሱን ላሜራ ቀጥቅጬ እንደ ቀድሞው ቅርጽ አወጣለሁ፤ መልሼ እገጥማለሁ። ስለዚህ የትም ቦታ ቆርቆሮ ሳይ ዓይኔ የሠራውን ሰው ይፈልጋል። ያን በር የሠራው ሰው ግን ባይፈለግ ይሻለው ነበር። ምስማሩን አጣሞ መትቶታል። አንዱ ቀዳዳ ሲሰፋበት ከአጠገቡ ሌላ በስቷል። ጠርዙን ስላላጠፈው የሚገባውንም የሚወጣውንም ሰው ይቆርጣል፤ ዘበኛው ራሱ አውራ ጣቱን በጨርቅ ጠምጥሞ ነበር። ሰው የሚያስሩበትን በር እንኳ በወጉ ማሠራት ያቃታቸው ሰዎች ናቸው ብዬ አሰብኩ። ሐሳቡ ደስ አለኝ። እስክወጣ ድረስ አቁሞ የያዘኝ እንዲህ ያለው ሐሳብ ነው።

ውስጧ ነቀዝ የበላው በቆሎ ትሸታለች። ወለሉ አፈር ነው፤ ቁንጫ አለ። በሌብነት የተያዙ ሁለት ወንድማማቾች ቀድመውኝ ገብተው ነበር። ዋስ አግኝተው ሲወጡ ብቻዬን ቀረሁ።

ጥፋቴ ስለ ሣር መናገሬ ነው። በእኛ አገር ጀፎረ የምንለው አለ፤ ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው የሚቆሙበት ሰፊ የሣር ሜዳ። ሠርጉም ለቅሶውም እዚያ ነው። ከብት እዚያ ይግጣል። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም። የወረዳው ገዥ ግን ለከተማዋ ቅርብ የሆነውን ጀፎረ አጥሮ የአውሮፕላን ማረፊያ አደረገው። ከብት የገባበት ሰው ይቀጣ ጀመር። ለመስቀል እንደ ገባሁ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ምን ይሻላል ብለው ሲመክሩ፣ የአውሮፕላን ሰው ነው ብለው እኔን ጠየቁኝ። «አውሮፕላኑ ቢመጣ በዓመት አንዴ ሁለቴ ነው፤ ደግሞም ሣር አይበላም። በቀረው ጊዜ ከብታችሁን ምን አስከለከለው? አቤት በሉ» አልኳቸው። ይኸው ነው። ቃሉ ገዥው ጆሮ ሲደርስ «ሕዝብ አሳመፀ» ሆነ።

ገዥው ቢሮ አስቀርቦ አየኝ። ወፍራም ሰው ነበር፤ ሲተነፍስ ከወንበሩ ጋር አብረው የሚተነፍሱ ይመስላሉ።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የአውሮፕላን ላሜራ ሠራተኛ ነኝ።»

«ቀጥቃጭ ነኝ በላ።»

ጸሐፊው መጀመሪያ የጌታውን ፊት አየ፤ ከዚያ ሳቀ።

«ቀጥቃጭ ከመቼ ወዲህ ነው መንግሥት የሚመክረው?»

«መንግሥት አልመከርኩም ጌታዬ። ስለ ሣር ነው የተናገርኩት።»

በጥፊ ተመታሁ። የመታኝ ፖሊሱ ነው። ገዥው እጁን አያነሣም፤ አገጩን ብቻ ነበር የሚያነሣው። ለዚያች ሥራ እንኳ ሰው መቅጠር ነበረበት።

እናቴ ከቤት ቆጮና ጎመን ይዛልኝ ትመጣ ነበር። ዘበኛው ፈንጂ ያለበት ይመስል ጣቱን እየከተተ ይፈትሻል፤ ፍተሻው ሲያበቃ ጣቱን ይልሳል። አይብ ያለበት ቀን ፍተሻው ይረዝማል።

በጋው ገፋ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ደጃዝማች አገር ሊጎበኝ በአውሮፕላን እንደሚመጣ ተሰማ። ከተማዋ በጅራፍ ስትጠረግ ሰነበተች። በበሩ ላይ ያ ሠራተኛ ባቆሰለው ቆርቆሮ፣ ምስማር በሳተበት ቀዳዳ በኩል ሜዳው ይታየኛል፤ ምስጋና ለመጥፎ ሙያው። ሰዎች የባሕር ዛፍ ግንድ አምጥተው ቅስት ሲያቆሙ አየሁ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጨርቅ ጠመጠሙበት። የእንሰት ቅጠል አሰሩበት። ደጃዝማቹ ከአውሮፕላኑ ወርዶ ብዙ እንዳይራመድ ተብሎ፣ ቅስቱ የቆመው አውሮፕላኑ ከሚቆምበት ሥር ነው።

ዘበኛውን ጠራሁት። «ያን ቅስት ራቅ አድርገው እንዲተክሉት ንገራቸው። ክንፉ ይመታዋል።»

«አንተ ምን አገባህ?» አለኝ። «ስለ ሣር ተናግረህ ነው እዚህ የገባኸው። አሁን ደግሞ ስለ ቅስት?»

እውነቱን ነው። ወደ ቀዳዳዬ ተመለስኩ።

አውሮፕላኑ ረፋዱ ላይ መጣ። ድምፁን ከሩቅ ስሰማ ዘልዬ ወደ በሩ ቀዳዳ ሄድኩ፤ ከሥራ ቦታዬ የመጣ ዘመድ ይመስል። ትንሽ ነው፣ ክንፉ ከላይ የሆነ። አስተራረፉ ጥሩ ነበር፤ በሰላም አርፎ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ሕዝቡ ተጠጋ። እልልታው ቀለጠ። አብራሪው ራቅ ብሎ ሊያቆመው ሲል፣ ገዥው ከቅስቱ ሥር ቆሞ በከዘራው «ና! ና!» እያለ ጠራው። እንደ በቅሎ። አብራሪው ጥቂት ተጠጋ። ከዘራው አሁንም ጠራ። እንደገና ተጠጋ። የክንፉ ጫፍ ከቅስቱ አንደኛው እግር ጋር ሲገናኝ የተሰማው ድምፅ፣ ባዶ ጣሳ ከተረከዝ ሥር ሲጨፈለቅ የሚሰማው ዓይነት ነው። ቅስቱ ቆም አለ፤ አሰበበት፤ ወደቀ። ጨርቁ ገዥውን ከነከዘራው ሸፈነው። እልልታው ቀጥ አለ። ከኋላ የነበረች፣ ምን እንደ ሆነ ያላየች አንዲት ሴት ብቻ ለብቻዋ ጥቂት እልል ብላ እሷም ተወችው።

ያኔ የታሰረ ሰው እንዴት እንደሚስቅ አወቅሁ። በክንዴ አፌን ዘግቼ ሳቅሁ፤ እንባዬ ወረደ።

ሳቁ እስከ ቀትር አልቆየልኝም። ከቀትር በኋላ በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ገፍተው አስገቡ። ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ቀጭን፣ የመስቃን ገበሬ ናቸው። ከኋላቸው በግቢው ውስጥ አንድ ቀይ በሬ ሲጎትቱ አየሁ።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉኝ፤ እስር ቤት ሳይሆን ቤቴ የገቡ ይመስል።

«ወዐለይኩሙ ሰላም አባባ። ይቀመጡ። በምን ያዙዎት?»

ቀስ ብለው ተቀመጡ። «በሬዬ አውሮፕላን ሰበረ ይላሉ።»

«የት ነበር በሬዎ?»

«ከሜዳው ወዲያ ጫፍ፣ ወንዙ ዳር። ያ ነገር ሲጮህ ደንግጦ ወደ ቤት ሮጠ። እነሱ ደግሞ ተከትለውት መጡ።»

«አባባ፣ የመታው ቅስቱ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ያላየ ማን አለ ልጄ? ዕውሩም አይቷል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ቅስት አይታሰር።»

በሬውን ከግቢው ዋርካ ሥር አሰሩት። ፖሊሶቹ ስም አወጡለት፤ «ኤግዚቢት» አሉት፤ በእነሱ ቋንቋ ለክስ የተያዘ ማስረጃ ማለት ነው። «ኤግዚቢቱ ውኃ ጠጣ ወይ?» ይባላል። «ኤግዚቢቱ የጣቢያውን የመቶ አለቃ ጎመን በላ» ይባላል። ሽማግሌው ለሶላት ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ በሬው ያውቃቸዋል፤ ከውጭ ያገሳል። አንዴ ሶላታቸውን ጨርሰው በበሩ ቀዳዳ በኩል በጉራጊኛ አነጋገሩት፤ አይዞህ፣ እዚሁ ነኝ ዓይነት ነገር። ዘበኛው በሰደፍ በሩን መታ።

«ከኤግዚቢት ጋር መነጋገር ክልክል ነው!»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ ልጅ ታሟል እንዴ?» አሉኝ በዝግታ፣ ከልባቸው አዝነው።

በማግስቱ ጠዋት ገዥው ራሱ ጣቢያ መጣ። ከቢሮው ወንበር ሲለይ እንደ ማንኛውም ሰው የሚደክመው መሆኑን ያኔ አየሁ። ደጃዝማቹ በመኪና አልመለስም ብሏል፤ መንገዱ ወገቡን ያመዋል። ከአዲስ አበባ ባለሙያ ይላክ ቢባል ደግሞ ወሬው አብሮ ይሄዳል፤ ቅስት ማን አስተከለ፣ በከዘራ ማን ጠራ ይባላል። ቀረሁ እኔ፤ በቆሎ በሚሸት መጋዘን ውስጥ የተቀመጥኩ።

«ባለሙያው!» አለኝ። ቀጥቃጭነቴ ቀርቷል። «መንግሥት ያስተማረህ ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። ክንፉን ትጠግናለህ። ከዚያ የመታው በሬ መሆኑን በደጃዝማቹ ፊት ትናገራለህ። ገበሬ ቢናገር ወሬ ነው፤ ባለሙያ ሲናገር ግን ማስረጃ ነው። ያን ቀን ወደ እናትህ ትሄዳለህ።»

«ደጃዝማቹ እኮ ጌታዬ አውሮፕላኑ ውስጥ ነበሩ። ምን እንደ መታቸው ያውቃሉ።»

«ያዩትን እኔ ልንገርህ? በሬ ነው ያዩት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቅስቱ የቆመው ለክብራቸው ነው። ለክብራቸው የቆመ ነገር ያጠፋል?»

«ክንፉን ልየው» አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም። እሱ ግን እሺታ መስሎት በረካ መንፈስ ሄደ።

ለመጠገን ለምን ፈቀድኩ? አብራሪው ይታዘዝ እንደነበር አውቃለሁ። ና ሲሉት እንደ ሄደ፣ ብረር ቢሉት በተሰበረ ክንፍ ይነሣል። ሌላው ምክንያት እጄ ነው። ወራት ሙሉ ቁንጫ ከመግደል በቀር ሥራ አልሠራም ነበር።

ሜዳው ላይ አብራሪውን ሳየው አወቅሁት። አዲስ አበባ ወዳለው ሥራ ቤታችን እየመጣ የጠገንነውን አውሮፕላን የሚረከበን ወጣት መኮንን ነው። እሱም አወቀኝ።

«አንተ ነህ እንዴ? እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ታስሬ ነው።»

«በምን?»

«በሣር።»

ሳቀ። ሊጠብቀኝ አጠገቤ የቆመውን ባለጠመንጃ ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

«አንድ ሽማግሌም አብረውኝ ታስረዋል» አልኩት። «በሬያቸው ነው የመታው ተብለው። አንተ መሪው ላይ ነበርክ። አንድ ቃል ብትናገር ይፈታሉ።»

ዙሪያውን አየ። «ምን ልበል? እኔ ቤተሰብ አለኝ እኮ።»

«እሳቸውም አላቸው።»

የመሣሪያ ሳጥኑን ከፍቶ ውስጡን መቆፈር ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሥራው እስኪያልቅ ዓይኔን አላየም። ዘበኛውን እንኳ ከእሱ አስበልጬ አየሁት፤ ዘበኛው ቢያንስ የሚበላውን በግልጽ ነው የሚልሰው።

ጉዳቱ ከፈራሁት ያነሰ ነበር። ዋናው የክንፉ ተሸካሚ ብረት አልተነካም። የጫፉ የላሜራ ልብስ ተቀድዶ ወደ ውስጥ ተጨማድዷል፤ በሥራ ቤት የክንፍ አጥንት ከምንላቸው አንዱ ጎብጧል። በስንጥቁ ውስጥ የባሕር ዛፍ ልጥ ተወትፏል፤ የቀይ ጨርቅ ቁራጭም ነበረበት። እየነቀስኩ አወጣሁና እግሬ ሥር ሣሩ ላይ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ባለጠመንጃው።

«የበሬ ጸጉር» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አየው። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከዚያ በጫማው ገፋ ገፋ አድርጎ አፈር አለበሰው።

ገዥው አዲስ የቤት ቆርቆሮ አሸክሞ ላከልኝ። ይህ ለጣሪያ ነው፣ ይከብዳል፣ ከክንፉ ጋርም አይስማማም ብዬ መለስኩት። «ቆርቆሮ ቆርቆሮ ነው ብለዋል» አለ የመጣው ሰው። «እንግዲያው እሳቸው ይብረሩበት» አልኩት። መልእክቱን ያደርሰዋል ብዬ አልፈራሁም፤ ያ ሰው የሚያደርሰው ሲያዝዙት ብቻ ነው። ከአውሮፕላኑ ከራሱ፣ ከዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ አንድ የላሜራ ክዳን ፈታሁ። ለጊዜው ክዳን ባይኖረው ዕቃ አይሞትም።

የተቀደደውን ቆረጥኩ። ሹል ጥግ ካለ ስንጥቅ ከዚያ ስለሚነሣ ጥጎቹን በሞረድ አክብቤ ለዘብ አደረግኋቸው። አንድ ከረጢት አሸዋ አስሞልቼ፣ አዲሱን ላሜራ በላዩ አድርጌ በእንጨት መዶሻ እየመታሁ የክንፉን ጉብታ አወጣሁለት። ላሜራ ሲቸኩሉበት ይሸበሸባል፤ ሲለምኑት ይታዘዛል። የጎበጠውን አጥንት አቀናሁ። ቀዳዳ በእጅ መሰርሰሪያ በሳሁ፤ በሪቬት፣ ተመትቶ ጫፉ በሚደፈጠጥ ምስማር፣ አያያዝኩ። ሪቬት ሲመታ ከጀርባው ብረት ደግፎ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ አብራሪው ያዘልኝ። እጁ ጥሩ ነበር። ያሳዘነኝም እሱ ነው። ያ ሁሉ ድምፅ በሜዳው ሲያስተጋባ፣ ጠመንጃውም ገዥውም መጋዘኑም ከአእምሮዬ ጠፍተው ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

ሥራው ስላላለቀ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ እስር ቤት መለሱኝ። ሽማግሌው ገዥው ምን እንዳለኝ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ያሉህን በል» አሉኝ።

«ምን ልበል?»

«በሬው ነው በል። አንተ ወጣት ነህ። እናት አለችህ። አንተ ባትመሰክርም እኔን አይለቁኝ።»

«እርስዎ ቢሆኑ ይሉ ነበር አባባ?»

ጢማቸውን እየዳበሱ አሰቡ። ከውጭ በሬው ሲያመሰኳ ይሰማል።

«እኔማ እንዴት እላለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ከጥጃነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ጨረስኩ። ደጃዝማቹን አመጡት። በሜዳው መሃል ወንበር ተደረገለት፤ ጥላ ተያዘለት። ሕዝቡ ዳር ዳር ቆሞ ያያል። ገዥው አጠገቤ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይህ ባለሙያ መርምሮታል። በል፣ ክንፉን የመታው ምን እንደሆነ ለጌታችን አስረዳ።»

«ቅስቱ ነው ጌታዬ» አልኩ። «ቀርቦ ተተክሎ ነበር። በሬው ከሜዳው ወዲያ ጫፍ ነበር፤ ባለቤቱ ያለ ጥፋታቸው ነው የታሰሩት።»

ከሕዝቡ መሃል አንድ ሰው ሳለ። የገዥው አገጭ ተነሣ፤ ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የሚመታ ፖሊስ ቅርብ አልነበረም። ደጃዝማቹ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ፤ ወንበሩ የተናገረው ይመስል። ከዚያ ፊቱን ወደ አብራሪው አዞረ።

«ይበራል?»

«ይበራል ጌታዬ» አለ አብራሪው ጫማውን እያየ።

«እሱ ብቻውን ይወስደዋል» አልኩ እኔ። «ሰው አይጫንበት። አዲስ አበባ ሲደርስ ተፈትቶ መታየት አለበት።»

ያኔ ደጃዝማቹ ደነገጠ። ንጹሕ ሰው ስለመታሰሩ ሲሰማ ያልተንቀሳቀሰ ፊት፣ «ሰው አይጫንበት» ሲባል መልኩ ተለወጠ።

«መኪና ይዘጋጅ» አለ። ወገቡ በዚያች ሰዓት ዳነ።

ወደ ጣቢያ ስመለስ፣ ከሕዝብ ዓይን እንደራቅን፣ ባለጠመንጃው ጎኔን በሰደፍ መታኝ። የተሰበረው የጎን አጥንት ዝናብ ሲመጣ ዛሬም ያስታውቀኛል። አውሮፕላኑ ሲነሣ ግን መሬት ላይ ተኝቼ ድምፁን አዳመጥኩ። ክንፉ አላጉረመረመም። ሄደ። የእናቴ ምግብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበር መመለስ ጀመረ።

ደጃዝማቹ ሳይሸኝ አይሄድምና በማግስቱ ግብዣ ተደረገ። ረፋዱ ላይ ግቢው ውስጥ ብዙ እግር ተሰማ። ገመድ ሲፈታ ተሰማ። በሬው አገሳ። ሽማግሌው እየሰገዱ አልነበረም፤ በሩን እያዩ ተቀምጠው ነበር። በሬው እንደገና አገሳ፤ ድምፁ በአጥሩ በኩል ራቀ። ሽማግሌው ከግድግዳው ፊት ለፊት ዞሩና ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ ስለነበር መልሼ አለበስኳቸው።

ከምሳ ሰዓት በኋላ ዘበኛው በሩን ከፈተ። ሰሐን ይዟል። ጥብስ ነው፤ ቅቤው ገና ይጮሃል። ሽታው መጋዘኑን ሞላው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ምንም አልቀመስኩም ነበር። አፌ ምራቅ ሞላ፤ ሆዴ እንደ ውሻ ጮኸ። ሁለቱም ሰሙት።

«ከጌታው ከገዥው ነው» አለ ዘበኛው። «ለባለሙያው። ቂም የለኝም ብለዋል።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ብላ ልጄ» አሉኝ። ድምፃቸው ደኅና ነበር። «እኔ የእናንተ የክርስቲያኖች እጅ ያረደውን አልበላም፤ ለአንተ ግን ይፈቀድልሃል። ጎንህ ተሰብሯል። ሥጋ ነው የሚጠግነው። እኔን አትይ።»

ተነሣሁ። ጎኔን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩና ሰሐኑን በሁለት እጄ ተቀበልኩት፤ እናቴ ከሰው እጅ እንዲህ ነው መቀበል ያስተማረችኝ። ከዚያ በሁለት እጄ መለስኩለት።

«እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ» አልኩት። «ኤግዚቢት አልበላም።»

ዘበኛው ሰሐኑን ይዞ ወጣ። በሩን ዘጋ። ከውጭ ተቀምጦ ሲያኝክ፣ ጣቱን ሲልስ ሰማነው።

ሽማግሌው ከጋቢያቸው ጫፍ ልጃቸው የላከችውን ቆጮ ፈቱ። ጠርዙ ደርቆ ነበር። ለሁለት ቆረሱት፤ ትልቁን ለእኔ ሰጡኝ። እምቢ ስል «ተው፣ አንተ ሠራተኛ ነህ» አሉኝ። በልተን ስንጨርስ ፍርፋሪውን ከመሬት ለቅመው አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። ስለ በሬው ያን ቀን አላወራንም።

እሳቸውን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፈቷቸው። የተፈቱበት ምክንያት በራሱ ሊነገር የሚገባው ነው። ጉዳዩን ለበላይ ሊያስተላልፍ የተቀመጠው የመቶ አለቃ ማስረጃው የት ነው ተባለ። ተበልቷል። ኤግዚቢት ስለሌለ ክሱ ተዘጋ። ሽማግሌው ሲወጡ በበሩ ላይ ቆመው ረዥም ዱዓ አደረጉልኝ፤ ዘበኛው ሊያስቸኩላቸው ፈርቶ ጠበቃቸው። እኔ ክረምት ሲገባ፣ እንደ ተያዝኩት ያለ ምንም ወረቀት ተፈታሁ። ሥራ ቤቴ ግን አልተቀበለኝም። የተሰናበትኩበትን ምክንያት የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መርካቶ አንድ ቆርቆሮ ቤት ገብቼ የውኃ በርሜልና የጣሪያ አሸንዳ ስሠራ ልጆቼን አሳደግሁ። አውሮፕላን ከዚያ ወዲህ በእጄ አልነካሁም። በላዬ ሲያልፍ ግን ዛሬም ቀና እላለሁ።

አሁን ሽማግሌ እኔ ነኝ። ለመስቀል አገሬ ስገባ፣ ያ ሜዳ ቤት ሞልቶበት፣ ባጃጅ ሲርመሰመስበት አያለሁ። ከከተማው ወጣ ብዬ የሽማግሌው ልጆች ቤት እሄዳለሁ። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። ልጆቻቸው ቆጮና አይብ ያቀርቡልኛል፤ ያን ዘመን አናነሣም፤ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት እንጫወታለን። ገዥው በኋላ ምን እንደ ሆነ ሊነግሩኝ የሞከሩ ሰዎች አሉ። ክፉ ነገር ደርሶበታል ያሉኝ ነበሩ፤ ደኅና ኖሮ አልጋው ላይ ሞተ ያሉኝም ነበሩ። አቋርጬ ሌላ ወሬ አነሣለሁ። ደስ እንዲለኝም እንዳዝንም የሚያደርግ ቦታ በውስጤ የለውም።

ይህን ስጽፍ ልጄ አነበበችውና ለምን የማንንም ስም አልጻፍክም አለችኝ። የሽማግሌውን ስም ያልጻፍኩት ልጆቻቸው ስላልፈለጉ ነው አልኳት። የገዥውን ግን እኔ ስላልፈለግሁ ነው።